እጅሽ ጨርቁን ይምራ እንጂ አይሸከም

ጥያቄ፦ «ሰላም እህቴ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው። መተዳደሪያዬ ስፌት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ፣ መሐሉ ጥጥ የገባበት፣ ኩዊልት የሚሉትን የአልጋ ልብስ በእግር መኪና እሰፋለሁ። ነሐሴ 10 ቀን ጀሪካን ይዤ ከእርጥብ የድንጋይ ደረጃ ላይ ወደቅኩና የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። ጀሶው የተፈታልኝ በመስቀል ማግስት ነው። አሁን ኅዳር ገብቷል፣ ግን መኪናዬ ላይ ሩብ ሰዓት ከቆየሁ እጄ ያብጣል። መርፌው ሲወርድ ሳይ ደግሞ ይንቀጠቀጥብኛል። የእህቴ ልጅ ጥር 20 ታገባለች፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የአልጋ ልብስ ልሰፋላት ቃል ገብቻለሁ። አማቴ ወጌሻ ጋ ሄደሽ ታሺው ትለኛለች፣ ባለቤቴ በቃ ተይው ይላል። ልተወው ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልሥራ? እጇ የከዳት፣ ከጎንደር።»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን አተረፈሽ። ደረጃ ላይ መውደቅ ከዚህም የከፋ ያመጣል።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። «እጇ የከዳት» ያልሽው ግን አልተዋጠልኝም። እጅሽ አልከዳሽም። ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ታስሮ የወጣ እጅ ነው። አጥንቱ ሲገጥም ጡንቻው ሟሟ፣ መገጣጠሚያው ደረቀ፣ ጅማቱ ተኮማተረ። አንጓ ሲሰበር አጥንቱ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይገጥማል። የመጨበጥ ጉልበት ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱ ሰው እስከ ዓመት ይደርሳል። ስለዚህ በሦስተኛው ወር «ለምን እንደ ድሮው አልሆነም» ብለሽ በእጅሽ አትዘኚበት።

ልተወው ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልሥራ ብለሽ ሁለት መንገድ ብቻ አስቀመጥሽልኝ። እኔ አንዱንም አልመክርሽም። ወደ ስፌቱ ተመለሺ፣ ወደ ድሮው አሠራርሽ ግን አትመለሺ። ድሮ ጨርቁን የሚጎትተው፣ የሚደግፈው፣ የሚያዞረው፣ መኪናውን የሚያስነሳው ሁሉ ያው ቀኝ እጅሽ ነበር። ከአሁን በኋላ ጠረጴዛ መሸከም የሚችለውን ጠረጴዛ ይሸከም፣ መኪና መጎተት የሚችለውን መኪና ይጎትት። ለእጅሽ መምራቱ ብቻ ይቅርለት።

ይህን የምልሽ ከልምድ ነው። ከዓመታት በፊት የእኔም ግራ እጅ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ጀሶውን የፈቱልኝ ቦታ «በቃ ድነሻል» ብለው ሸኙኝ። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደምሠራ አንድም ሰው አልነገረኝም። ጊዜው ጥምቀት ሊደርስ ሳምንታት የቀሩት ነበር፣ ጎንደር ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ያን ሰሞን እንዴት እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እያለ ሁሉም በሬን ያንኳኳል። እኔም በአምስተኛው ቀን ተቀምጬ ከጠዋት እስከ ማታ ሰፋሁ። በማግስቱ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። እስከ ፋሲካ ድረስ ሽንኩርት እንኳን የሚከትፍልኝ ሌላ ሰው ነበር። ጥርስ መንከስ ያተረፈልኝ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንቺ እጅ እንምጣ። ከስፌቱ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጪልኝ።

እጅሽን ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ አንጥፊው። ከዚያ አውራ ጣትሽን ብቻ ወደ ላይ አንሺ። ተነሳ? ጥሩ። የአንጓ አጥንት ከተሰበረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ሁሉም ደህና መስሎ ሳለ፣ አውራ ጣትን የሚያነሳው ጅማት የሚበጠስበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ድንገት አልነሳ ካለሽ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሁለተኛው፣ ሌሊት ሌሊት አውራ ጣትሽን፣ ሌባ ጣትሽንና የመሐል ጣትሽን ይደነዝዝሻል? ይወርርሻል? ከሆነ አንጓው ላይ የሚያልፈው ነርቭ ተጫኗል ማለት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ሦስተኛው፣ ሕመሙ እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ ቀለሙ የሚለዋወጥ፣ ከሌላው እጅ ይልቅ የሚያልበው ከሆነ እሱ ተራ እብጠት አይደለምና አትታገሺው።

ከእነዚህ አንዱም ባይኖርብሽ እንኳን ፊዚዮቴራፒ አንድ ሁለት ጊዜ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ዕድለኛ ነሽ፣ ከተማሽ ውስጥ አለ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የሚያስተምርበት ክፍል አለው። ስትሄጂ ዝም ብለሽ «እጄን ያመኛል» አትበያቸው። «ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በእንዲህ ዓይነት መኪና እሰፋለሁ፣ እጄ እንዲህ እንዲህ ይሠራል» ብለሽ በእጅሽ አሳዪያቸው። የሚሰጡሽ እንቅስቃሴ ያኔ ከሥራሽ ጋር ይገጥማል።

አማትሽን በተመለከተ፣ የምትናገረው ከፍቅር ነው፣ እሱ ላይ ጥርጥር የለኝም። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ወጌሻ ክፉ ቀን ያሳለፈ ሰው ነው። ግን በቅርብ የገጠመ አጥንት በኃይል ሲታሽና ሲጎተት ይቆጣል፣ እብጠቱም ይብሳል፣ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ደግሞ ደም መዘዋወር ያቅተዋል፣ በዚህ ምክንያት እጃቸውን እስከማጣት የደረሱ ሰዎች አሉ። ለእሷ «እማማ፣ መታሸቱን አልጠላሁም፣ ግን አጥንቱ እስኪጠነክር ለስለስ አድርጌ እኔው ራሴ በዘይት አሸዋለሁ» በያት። እሷም አትከፋም፣ አንቺም እውነትሽን ነው።

እቤት የምትሠሪው ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ እጅሽን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስቀምጪ። እዚያው ውኃው ውስጥ ጨብጪ፣ ዘርጊ፣ አንጓሽን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጊ። ከዚያ ክርንሽን ከጎንሽ ሳታርቂ መዳፍሽን አንዴ ወደ ጣሪያ አንዴ ወደ ወለል አዙሪ። ይኼ መዞር ነው ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ለስፌት ግን በጣም ያስፈልግሻል። የዳቦ ሊጥ ስታቦኪ እፍኝ የምታህል ቆርጠሽ አስቀሪና እየጨበጥሽ ልቀቂያት። ሥራ ስትጨርሺ እጅሽን ከደረትሽ ከፍ አድርገሽ ትራስ ላይ አሳርፊው፣ እብጠቱ ይቀንሳል።

ደህና፣ አሁን መኪናው።

ሦስት ወር ቆሞ የከረመ መኪና ዘይቱ ይደርቃል፣ በእጅ የምታዞሪው መዘውርም ይከብዳል። እጅሽ ላይ የሚወድቅ ጭነት ነውና መጀመሪያ ጨርቁን ከሥር የሚስቡት ጥርሶች ሥር የተጠራቀመውን ብናኝ ጥረጊ፣ ዘይት አጠጪው፣ መርፌውን ቀይሪ። ለሦስት ድርብ ጨርቅ 14 ቁጥር መርፌ ይበቃል፣ ወፍራም ከሆነ 16። የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጊው። ጨርቁን ከሚጫነው የመኪናው እግር በላይ ያለውን ብሎን ትንሽ ብታላዪው ደግሞ ሦስቱ ድርብ ሳይሸራተት ያልፋል፣ አንቺም ጨርቁን በጉልበት አትጎትቺም።

አሁን ዋናው ነገር። የእግር መኪና ለታመመ እጅ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነቱ በእግርሽ ነው፣ ቀስ በይ ስትይው ቀስ ይላል። ግን አንድ ክፋት አለው፣ ማስነሻው መዘውር በቀኝ በኩል ነው፣ ታማሚው ደግሞ ቀኝ እጅሽ ነው። ስፌት በጀመርሽ ቁጥር፣ ባቆምሽ ቁጥር፣ ያቺን መዘውር ወደ ራስሽ ታዞሪያለሽ፣ አንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምታዞሪያት ቆጥረሽ አታውቂም፣ እኔ ግን ያበጠብሽ ከስፌቱ ይልቅ ከእሷ ይመስለኛል። ስለዚህ በእግር ብቻ ማስነሳት ተማሪ። ክሩን አውጪ፣ መጫኛውን እግር አንሺ፣ ጨርቅም አይኑር። በእግርሽ ፔዳሉን ቀስ እያልሽ እርገጪና መዘውሩ ወደ አንቺ የሚዞርበትን ቦታ ፈልጊ። ወደ ኋላ ከዞረ አቁሚ፣ ክር ያለበት ቀን እንዲያ ከዞረ ክሩ ይበጠሳል ወይም ሥር ይጠላለፋል። ሁለት ሦስት ቀን ብትለማመጂ እግርሽ ያውቀዋል። እስከዚያ ድረስ መዘውሩን በግራ እጅሽ ተሻግረሽ አዙሪ፣ የማይመች ቢሆንም ይቻላል።

መርፌው ሲወርድ እጅሽ የሚንቀጠቀጠውስ? እሱ ፍርሃት ይመስለኛል፣ አያሳፍርም። ከልጆችሽ ደብተር አንድ የተሰመረ ወረቀት ቅደጂና ያለ ክር መስመሩን ተከትለሽ ስፊበት። ቀጥታውን፣ ከዚያ ክብ ሥለሽ ክቡን። ወረቀት አይጎትትም፣ አይከብድም፣ ቢበላሽም አያናድድም። ዓይንሽ መርፌውን ትቶ መስመሩን ማየት ሲጀምር እጅሽ ይረጋል። ከወረቀቱ በኋላ ስስ ነገር፣ የነጠላ ጫፍ ወይም ትራስ ልብስ። ጂንስ ለማሳጠር የሚመጣ ደንበኛ ካለ ግን እስከ ጥር ይቅርታ በይው።

ሰዓት ያዢ። አሥር ደቂቃ ስፊ፣ አሥር ደቂቃ ተነሺ። በቀን ሦስት ዙር ይበቃል። ከሥራ በኋላ የመጣ ሕመም በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልበረደ፣ ወይም ጠዋት እጅሽ አብጦ ካደረ፣ በማግስቱ ግማሹን ብቻ ሥሪ። ሦስት ቀን ደህና ካሳለፍሽ አምስት ደቂቃ ጨምሪ። እኔ ብሆን የስልኬን ማንቂያ እሞላው ነበር፣ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» የምትል ነገር አታላይ ናት።

ተቀምጠሽ ስትሰፊ ክርንሽ ከመኪናው ጠረጴዛ ጋር እኩል ይሁን። ወንበሩ አጭር ከሆነ ጋቢ አጥፈሽ ጣል አድርጊበት። ጨርቁን አትጨብጪ። መዳፍሽን ሊጥ ላይ እንደሚያርፍ እጅ ዘርግተሽ አሳርፊው፣ ጣቶችሽ ተለያይተው። እንዳይንሸራተት መዳፉ ላይ ነጠብጣብ ጎማ ያለውን የግንበኞች ጓንት ገዝተሽ የጣቶቹን ጫፍ ቁረጪ። ርካሽ ነው፣ ገበያ ውስጥም አይጠፋም። መጨበጥ የሚያስፈልግሽን ጉልበት በጣም ይቀንሰዋል።

አሁን የሙሽራዋን የአልጋ ልብስ እንየው።

ሁለት በሁለት ሜትር የሆነ፣ መሐሉ ጥጥ የገባበት ጨርቅ በዚያች ጠባብ የመኪና አንገት ሥር ማሳለፍ ለጤነኛ እጅም ትግል ነው። ግማሹ ከጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ወለል ይስባል፣ አንቺ ደግሞ ሳታውቂው ቀኑን ሙሉ መልሰሽ ትጎትቻለሽ። ስለዚህ በአንድ ወጥ አትስፊው። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ቁራጮች ክፈይው፣ አምስት ወደ ጎን አምስት ወደ ታች፣ 25 ቁራጭ ይሆናል፣ ለመጋጠሚያ ደግሞ በየጠርዙ ትንሽ ትርፍ ጨርቅ ተዪ። እያንዳንዱን ቁራጭ ላዩን፣ መሐሉን፣ ሥሩን ደርበሽ ለብቻው ስፊና ጨርሺው፣ መጨረሻ ላይ ትገጣጥሚያቸዋለሽ። አንድ ቁራጭ ጭንሽ ላይ ይቀመጣል፣ ክብደት የለውም።

ሒሳቡን ሠርቼልሻለሁ። እስከ ጥር 20 አሥር ሳምንት ያህል አለሽ። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ለወረቀቱና ለስሱ ጨርቅ ስጪው። ከዚያ በሳምንት አራት ቁራጭ ብትሰፊ በስድስት ሳምንት 24 ይሆናል፣ አንዷ የቀረችው የትም አትሄድም። ለመገጣጠም ወደ ሁለት ሳምንት ይተርፍሻል።

ስትደርቢ መሐሉ ላይ የምታስገቢውን ነገር አስቢበት። እስካሁን ባዘቶ ከነበረ የምትጠቀሚው፣ ባዘቶ ያምራል፣ ይሞቃል፣ ግን ያልተያያዘ ጥጥ ስለሆነ ሲታጠብ ይሰባሰባል። እንዳይሰባሰብ በየአምስት ሴንቲ ሜትር መስፋት አለብሽ፣ ይኼ ለአንድ ቁራጭ ሰባት መስመር፣ ለ25ቱ 70 ሜትር ስፌት ነው። በባዘቶ ፋንታ ስስ ብርድ ልብስ ቆርጠሽ ብታስገቢ በየአሥር ሴንቲ ሜትር ይበቃሻል፣ ለአንዱ ሦስት መስመር፣ ጠቅላላው 30 ሜትር። ከግማሽ በታች ማለት ነው። ባዘቶን እኔም እወዳለሁ። ዘንድሮ ግን የእጅሽ ዓመት ነው።

አበባውንና ጠመዝማዛውን ተዪው። ጥርሶቹን ሸፍነሽ ጨርቁን በእጅሽ እየገፋሽ የምትሥይው ስፌት ሙሉ በሙሉ በአንጓ የሚሠራ ነው። ቀጥታ መስመር ስትሰፊ ግን ጨርቁን የሚስቡት ጥርሶቹ ናቸው። መስመሩን በሳሙና ስባሪ አስምሪና ተከተዪው። ቀጥታ መስመር ብቻውን ቆንጆ ነው፣ የጥሩ ነጠላን ጥለት አስቢው እስቲ፣ እሱም መስመር ነው።

ከመኪናው ውጭ ያለው ሥራ ከመኪናው ይልቅ እጅ ይጎዳል። መቀስ በመጀመሪያ። 25 ቁራጭ በሦስት ድርብ 75 ጊዜ መቁረጥ ነው፣ በፍጹም አትንኪው፣ ልጆችሽ ይቁረጡ፣ አንቺ ለኪላቸው። የከሰል ካውያ ካለሽ በቀኝ እጅሽ አታንሺው፣ ከባድ ነው። ድርቦቹን በመርፌ ቁልፍ የምታያይዢ ከሆነ አውራ ጣትሽን ያደክማል፣ የመርፌ ቁልፉን ጫፍ በሻይ ማንኪያ ደግፈሽ ዝጊው፣ ማንኪያው ጉልበቱን ይቀበልልሻል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቁራጭ ግን አራት የመርፌ ቁልፍ ማዕዘኖቹ ላይ፣ አንድ መሐሉ ላይ፣ በቃ።

የመጨረሻው መገጣጠም ላይ ብቻሽን አትሁኚ። መጀመሪያ አምስት አምስቱን ወደ ጎን አያይዢ፣ ከዚያ ረድፎቹን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ሲገጠሙ ጨርቁ ሙሉ ክብደቱን ይይዛል። ያን ቀን ከመኪናው በግራ በኩልና ከኋላው፣ ከመኪናው እኩል ከፍታ ያለው ጠረጴዛ አስጠጊ፣ ባለቤትሽም ተቀምጦ ጨርቁን ያንሳልሽ። «ተይው» ያለሽ ሰውዬ ስትሰቃዪ ማየት ስለከበደው ነው። እንዲያግዝሽ ሥራ ስትሰጪው ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ። ጠርዙን በእጅ መስፋቱን ደግሞ ለሙሽራዋ እናት ተዪላት፣ ለገዛ ልጇ አይደል?

አንድ ነገር ቀረኝ። የእህትሽን ልጅ ዛሬ ነገ ሳትዪ አነጋግሪያት። ስፌቱ ቀጥታ መስመር እንደሚሆን፣ መሐሉ ባዘቶ እንደማይሆን፣ ምናልባትም ለሠርጉ ዕለት 16 ቁራጭ ብቻ ደርሶ 160 በ160 ሴንቲ ሜትር ሊሆንና ቀሪው በኋላ ሊቀጠልበት እንደሚችል ንገሪያት። በቁራጭ የመሥራት ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ ባቆምሽበት ቦታ ሙሉ ነው። ቀለሙን እሷ ትምረጥ። ቃልሽን እያጠፍሽ እንዳይመስልሽ፣ እጅሽ ተሰብሮ እንኳን እንዳልተውሻት ነው የምትሰማው።

ከእሷ ጋ ስትመለሺ የመኪና ዘይትና አንድ ጥንድ ጓንት ይዘሽ ግቢ።